ገና ስላልወጣው ግራፊክስ ካርድ የሚነገረው ግምት ምን ያህል ይታመናል?

በምሥራቅ ጎጃም በጉንደ ወይን ገበያ የጤፍ ነጋዴ የመጪውን ዋጋ የሚገምተው እህሉ አውድማ ሳይገባ ነው። ክረምቱ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ በረዶ መትቶ እንደ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የጭነት መኪና በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ሆነ አይቶ ግምቱን ያቆማል። ስለ አዝመራው ብዛት የሚነገረው ግምት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ አይርቅም፤ ቡቃያው ለሁሉም በዓይን ይታያልና። ስለ ዋጋው የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ዋጋ የሚቆረጠው በመጨረሻው ሰዓት፣ ሻጭና ገዥ በተገናኙበት ቦታ ነውና።

በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሁለት ዓመት ግድም አንድ ጊዜ አዲስ የግራፊክስ ካርድ ትውልድ ያወጣል። ካርዱ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ብዙ ወሬ ይናፈሳል። የቅርቡ ወሬ 5090 ከተባለው ካርድ ቀጥሎ ይመጣል ስለሚባለው፣ በገበያው አፍም አስቀድሞ 6090 የሚል ስም ስለ ወጣለት ካርድ ነው። ወሬው መርካቶ ሲደርስ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ቢቸና፣ ወደ ጉንደ ወይንና ወደ ሞጣ ሲዘልቅ፣ በአንድ ወገን «አዲሱ እስኪመጣ ልቆይ» የሚል ገዥ፣ በሌላ ወገን ደግሞ «ያለኝን ሳይረክስብኝ ላራግፍ» የሚል ባለሱቅ ይፈጥራል። ሁለቱም ገንዘባቸውን በወሬ ላይ ማስያዛቸው ነው። ከወሬው የትኛው ክፍል ሊታመን እንደሚገባውና የትኛው እንደማይገባው መለየት ስለዚህ ያስፈልጋል።

ለማያውቀው ሰው ያህል፣ ግራፊክስ ካርድ ማለት በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚሰካ፣ ሥዕልንና ተንቀሳቃሽ ምስልን የሚያሰላ ሰሌዳ ነው። የኮምፒዩተሩ ዋና ማስሊያ እንደ አንድ ብርቱ አራሽ ከባዱን ሥራ ተራ በተራ ሲሠራ፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን እንደ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ደካማ ቢሆንም ሺህ ሆነው በአንድ ጊዜ ስለሚያጭዱ ማሳው ቶሎ ያልቃል። 5090 በተባለው ካርድ ውስጥ የእነዚህ ትንንሽ አስሊዎች ቁጥር 21,760 ነው። ካርዱ የተሠራው በመጀመሪያ ለጨዋታ ቢሆንም፣ የሕንፃ ነዳፊዎች፣ የፊልም አቀናባሪዎችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያለማምዱ መሐንዲሶች ዋና ደንበኞቹ ሆነዋል። በትንንሽ ከተሞቻችን ይህን ዓይነቱን ዕቃ በብዛት የሚጠይቀው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ፎቶ ቤት ነው።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። ስለ ካርዱ ጠባይ፣ ይኸውም ስለ አስሊዎቹ ቁጥር፣ ስለ ሜሞሪው ስፋትና ስለሚስበው ኤሌክትሪክ የሚነገረው አስቀድሞ የሚታወቅበት ምክንያት አለው። ቺፑ ከመሸጡ ከብዙ ወራት በፊት ተነድፎ ያልቃል፤ ሰሌዳውን፣ ማቀዝቀዣውንና ማሸጊያውን የሚሠሩት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ልኩን ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ብዙ ሰው ያወቀው ነገር ደግሞ ተሰውሮ አይቀርም። 5090 ሊወጣ ወራት ሲቀረው 21,760 አስሊዎች፣ 32 ጊጋባይት ሜሞሪና 512 ቢት የሜሞሪ መስመር ይኖሩታል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ ሁሉም እንደ ተባለው ሆነ። የሚስበው ኃይል 600 ዋት ነው ተብሎ ሲነገር 575 ዋት ሆኖ ወጣ። ከእርሱ በፊት በነበረው በ4090 ላይ ግን የኃይሉ ወሬ በብዙ ስቷል፤ 600 ዋት ይስባል ሲባል የሰነበተው ካርድ በ450 ዋት ወጥቷል። ኃይል ፋብሪካው እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ስለሆነ፣ የአስሊዎቹን ቁጥር ያህል አይታመንም።

በዚሁ መንገድ ስለ መጪው ካርድ ጥቂት ነገር በሂሳብ መድረስ ይቻላል። አንድ የሜሞሪ ቺፕ 32 ቢት መስመር ይይዛል፤ 512 ቢት መስመር ያለው ካርድ እንግዲህ 16 የሜሞሪ ቺፖችን ይሸከማል ማለት ነው። በ5090 ላይ እያንዳንዱ ቺፕ 2 ጊጋባይት ስለሆነ ድምሩ 32 ሆነ። ባለ 3 ጊጋባይቱ ቺፕ ከተሠራ ሰንብቷል፤ ኢንቪዲያ ራሱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ለባለሙያዎች ባቀረበው አርቲኤክስ ፕሮ 6000 በተባለው ካርድ ላይ ከሰሌዳው ፊትና ጀርባ 32 እንዲህ ያሉ ቺፖችን ደርድሮ 96 ጊጋባይት አድርሶታል። መጪው ካርድ ያንኑ የመስመር ስፋት ይዞ ባለ 3 ጊጋባይቱን ቺፕ ቢሸከም 48 ጊጋባይት ይኖረዋል፤ የወሬው ምንጭም ይህ ስሌት ነው። ሊሆን መቻሉና መሆኑ ግን ለየቅል ናቸው። ከ8,000 ዶላር በላይ የሚያወጣውን የባለሙያ ካርድ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ለጨዋታ በሚሸጠው ካርድ ላይ ሜሞሪውን በልግስና ቢያሰፋ የገዛ ራሱን ውድ ዕቃ ማርከሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሜሞሪውን በተመለከተ 48 እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ተስፋ ሊያዝ አይገባውም።

በኃይሉም ረገድ ድንበር አለ። ካርዱ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ባለ 16 ጫፍ መሰኪያ የሚችለው እስከ 600 ዋት ነው፤ 5090 ከዚህ ድንበር ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው። ይህ መሰኪያ በሚገባ ሳይገባ ቀርቶ ቀልጦ የተገኘበት ጊዜ ስላለ፣ ከዚህ በላይ ለመውጣት የሚደፍር ሠሪ ሁለተኛ መሰኪያ መጨመር ይኖርበታል። የቺፑም ስፋት እንዲሁ ወሰን አለው። ቺፕ የሚያትመው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊያትም የሚችለው እስከ 858 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን፣ የ5090 ቺፕ 750 ያህል ደርሷል። ቺፑን በማስፋት የሚገኘው ትርፍ እያለቀ ስለሄደ፣ ቀጣዩ ትውልድ የረቀቀ አሠራር ወዳለው ወደ 3 ናኖሜትር ይሻገራል የሚለው ግምት ምክንያት ያለው ግምት ነው። ይህ አሠራር ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ውድ ነው።

ስለሚወጣበት ጊዜ የሚነገረውም በቀድሞው ልማድ ሊመዘን ይችላል። 3090 የወጣው መስከረም 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ 4090 ጥቅምት 2 ቀን 2015፤ 5090 ጥር 22 ቀን 2017። በመጀመሪያዎቹ መካከል ከ24 ወር በላይ፣ በኋለኞቹ መካከል ከ27 ወር በላይ አልፏል። ልማዱ ቢጸና መጪው ካርድ በ2019 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠበቃል ማለት ነው። ልማዱን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ነገር ግን ተነሥቷል፤ እርሱም የሜሞሪ እጥረት ነው።

እጥረቱ ከዋጋው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። የዓለምን የሜሞሪ ቺፕ ገበያ በዋናነት የያዙት ሦስት ኩባንያዎች፣ የኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካውም ማይክሮን ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያንቀሳቅሱ ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች ሜሞሪን በብዛት መግዛት ስለ ጀመሩ፣ ሦስቱም ፋብሪካቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የሜሞሪ ዋጋ እጅግ ናረ፤ ማይክሮንም ለተራው ሸማች ይሸጥበት የነበረውን ክሩሻል የተባለ ምልክት እንደሚዘጋ በኅዳር 2018 አስታወቀ። የኢንቪዲያም ፍላጎት በዚያው አቅጣጫ ነው። በጥር 2017 ባበቃው የሂሳብ ዓመቱ ካገኘው 130.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 115.2 ቢሊዮኑ የመጣው ከመረጃ ማዕከሎች ሲሆን፣ የጨዋታ ካርዶች ያስገኙት 11.4 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ከመቶ 88 እጅ ገቢውን ከአንድ ደንበኛ ወገን የሚያገኝ ነጋዴ፣ ዕቃ ሲያጥረው ለማን እንደሚያደላ ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ዋጋውን በተመለከተ የቀድሞው መዝገብ እንዲህ ይላል። 3090 በ1,499 ዶላር፣ 4090 በ1,599 ዶላር፣ 5090 በ1,999 ዶላር ታወጁ። 5090 ከመታወጁ በፊት እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል የሚሉ ነበሩ። ኩባንያው በላስ ቬጋስ ከተማ ዋጋውን በአደባባይ እስኪናገር ድረስ፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር የ2017 ዓ.ም. የገና በዓል ሲነጋ መሆኑ ነው፣ ከውጭ ያለ ሰው እርግጡን ሊናገር አልቻለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቺፑ ልክ በፋብሪካ ሲታተም ይቆረጣል፤ ዋጋው ግን በወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ስለሆነ እስከ መድረኩ ደጃፍ ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በየካቲት ወር ደርሶ በ599 ዶላር ያቀረበው ካርድ ከመካከለኞቹ ጋር የሚወዳደር እንጂ ከ5090 ጋር የሚተካከል አልነበረም። ከላይኛው ደረጃ ላይ ተፎካካሪ የሌለው ሻጭ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዥ እስከምን ሊታገሥ እንደሚችል አይቶ ነው።

የታወጀው ዋጋም ቢሆን የመሸጫ ዋጋ አይደለም። 5090 ከወጣ በኋላ በ1,999 ዶላር ያገኘው ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ብዙው ገዥ ከ2,500 እስከ 3,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ከፍሏል። ስለዚህ የመጪው ካርድ ዋጋ 2,000 ወይም 2,500 ይሆናል እየተባለ የሚደረገው ክርክር ለአስመጪ ብዙ አይጠቅመውም፤ የሚገዛው ከአዋጁ ሳይሆን ከዱባይ ወይም ከጓንግዡ ሱቅ ነውና።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው የዶላር ምንዛሪ ነው። 4090 በጥቅምት 2015 ሲወጣ የባንክ ምንዛሪ 52 ብር ተኩል ግድም ስለነበረ፣ የታወጀው ዋጋ ወደ 84,000 ብር ይመጣ ነበር። በእርግጥ የባንክ ወረፋ ያልደረሰው ነጋዴ በዚህ ሂሳብ አላስገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ወጣ። 5090 በጥር 2017 ለገበያ ሲቀርብ ምንዛሪው 125 ብር ያህል ስለነበረ፣ የታወጀው ዋጋ 250,000 ብር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በዶላር ሲታይ ዋጋው የጨመረው ከመቶ 25 ብቻ ነው፤ በብር ሲታይ ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። የካርዱን ወሬ ቀን ከሌት ሲከታተል የምንዛሪውን ሠሌዳ ያላየ ነጋዴ ትንሹን ይዞ ትልቁን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ካርድ በዱባይ በ2,600 ዶላር ተገዛ እንበል፤ ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ 390,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ቢጨመር 58,500 ብር ይሆናል። ይህ ገና የማጓጓዣው፣ የኢንሹራንሱና የጉምሩክ ቀረጡ ሂሳብ ሳይገባበት ነው፤ ቀረጥ ሲከፈል ደግሞ ታክሱ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሆነ ድምሩ ከፍ ይላል። ካርዱ ብቻውን ሲመጣና በተገጣጠመ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲመጣ የታሪፍ ቁጥሩ አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ዲክላራሲዮን ከመሞላቱ በፊት አስተላላፊውን መጠየቅ ይበጃል። እንግዲህ 450,000 ብር የሚጠጋ ገንዘብ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ታስሮ፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ወራት ቢከርም፣ ወለዱንና ኪራዩን የሚከፍለው ባለሱቁ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት እንዲህ ያለው መስተጓጎል ደርሷል።

ከባለሱቆች ዘንድ የሚሰማው ትልቁ ጥያቄ «አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይረክሳልን?» የሚለው ነው። መልሱ የታሰበውን ያህል ቀላል አይደለም። በ2015 መግቢያ አሮጌው በእርግጥ ረክሷል፤ በ1,499 ዶላር የታወጀው 3090 ከ1,000 ዶላር በታች ተሸጧል። ምክንያቱ ግን የ4090 መምጣት ብቻ አልነበረም። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 አሠራሩን ሲለውጥ፣ በግራፊክስ ካርድ ገንዘቡን ሲያመርቱ የነበሩ ሰዎች ካርዳቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ አፈሰሱት። በ2017 የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። 5090 ሊመጣ ወራት ሲቀሩት የ4090 ምርት ስለ ቆመ፣ አዲስ 4090 በመርከስ ፈንታ ከታወጀበት ዋጋ በላይ፣ ከ2,000 ዶላር አልፎ ይሸጥ ጀመር። አሮጌን የሚያረክሰው የአዲስ መምጣት ሳይሆን የአሮጌው በገበያ መትረፍረፍ ነው። ሜሞሪ ባጠረበት ጊዜ አሮጌ ካርድ ይትረፈረፋል ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ የሚጠብቅበትን ምክንያት ደግሞ ደጋግሞ ቢመረምር መልካም ነው። በእጁ ያለውን ካርድ በወሬ ደንግጦ በኪሣራ የሚያራግፈውም ባለሱቅ እንዲሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ጋር ተዋውለው ቢትኮይን የሚያመርቱት የውጭ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ግራፊክስ ካርድ አይደለም፤ ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠራ፣ ለሥዕልም ለቪዲዮም የማይሆን ልዩ መሣሪያ ነው። ስለዚህ እነርሱ ሥራ ቢያቆሙ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ይፈስሳል ተብሎ የሚነገረው መሠረት የለውም።

ከኤሌክትሪክ ወገን የሚነሣውም ሥጋት ተመጥኖ ሊታይ ይገባዋል። 5090 በሙሉ ኃይሉ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከዚህ ካርድ አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሆነ፣ ምጣድ የሚችል መስመር ካርዱን አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ነው። ምጣድ መብራት ቢዋዥቅበት እንጀራው ይበላሽ ይሆናል እንጂ ምጣዱ አይቃጠልም፤ ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ሠሪው ለ5090 የ1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ያን ያህል ጭነት የሚሸከም ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ሲጨመር የገዥው ወጪ ካርዱ ላይ አይቆምም። ጉንደ ወይን ላይ ሆኖ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ፎቶ ቤት ይህ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። በ2017 ሚያዝያ በ429 ዶላር የታወጀው፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው 5060 ቲአይ ሥራውን ሳያንገራግር ይሠራለታል፤ በከፍተኛው ካርድ ዋጋ አራት እንደዚህ ያለ ካርድ ገዝቶ የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል።

ከፍተኛውን ካርድ የግድ የሚፈልግ ደንበኛ ያለው አስመጪ ደግሞ ከሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ፊደል ሊያነብ ይገባዋል። አሜሪካ ብርቱ ካርዶች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ስለ ከለከለች፣ ኢንቪዲያ ለቻይና ገበያ 5090 ዲ የተባለ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የተገደበ ካርድ አዘጋጅቷል። በነሐሴ 2017 ደግሞ 5090 ዲ ቪ 2 የተባለው ወጥቷል፤ የዚህኛው ሜሞሪ 32 ሳይሆን 24 ጊጋባይት፣ መስመሩም 384 ቢት ነው። ከጓንግዡ «5090» ተብሎ በቅናሽ የተገዛ ካርድ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ 4090 ሲገዛም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቺፑና ሜሞሪው ተነቅሎ ወደ ሌላ ሰሌዳ ከተዛወረ በኋላ ባዶ ቅርፊቱ እንደ ሙሉ ካርድ የተሸጠበት ጊዜ አለና። ካርዱን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሜሞሪው ስንት እንደሚነበብ ማየትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ማሠራት፣ የዋስትናውም ወረቀት ካርዱ በተገዛበት አገር ብቻ የሚያገለግል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ዋስትናው በዱባይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ በጉንደ ወይን ለተበላሸ ካርድ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚችል ከገዥው ጋር በደረሰኙ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ያሻል።